ቆጣሪውም ሚዛን ነው



ኹጥባ ላይ ስለ ሚዛን ሲነሳ ሐሳባችን ወዲያው ወደ መርካቶ ነጋዴ ይሄዳል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙጠፊፊን ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ማስጠንቀቁን፣ ነቢዩ ሹዐይብም (ዐ.ሰ.) የመድየንን ሰዎች በዚሁ መገሠጻቸውን እንሰማለን፤ ሰምተንም ሌላውን ሰው እናስባለን። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ሚዛኑ ግን በገዛ ግቢዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የመብራት ቆጣሪው ነው።

በግቢያችን ከእኛ ጋር ስድስት ቤተሰብ ይኖራል። ቆጣሪው አንድ ነው፣ የተመዘገበውም በእኔ ስም። አምስቱ ተከራዮች በአምፖልና በስቶቭ ቁጥር ይከፍሉኝ ነበር። በረመዳን አንድ ሌሊት ከተከራዮቼ አንዷ፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት፣ ለሱሑር ከሰል ስታያይዝ አየኋት። ስቶቭ እንዳላት አውቃለሁ። «ምነው?» አልኳት። «ስቶቩ ላይ ጨመርክብኝ እኮ ወንድሜ። ከሰል በፌስታል ይገዛል» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

ያን ሌሊት ቢሎቹን አውጥቼ ደመርኩ። በ2011 ዓ.ም. የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ሲደረግ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በነበረበት ዋጋ፣ በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ፣ እንዲቆይ ተወስኖ ነበር። ለድሃው ታስቦ ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በተጀመረው ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪም ዋጋው በፍጆታ እርከን የተከፈለ ነው። ቆጣሪ ግን ቤተሰብ አይቆጥርም። ስድስት ቤተሰብ አርባ አርባ ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ ለየብቻ ቢሆን ሁሉም በመጀመሪያው እርከን ነው፤ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር 240 ይሆንና አራተኛው እርከን ላይ ይወጣል። ለድሃ የታሰበው ዋጋ የራሱ ቆጣሪ ላለው፣ ውጭ በልቶ ውጭ ለሚያመሽ ላጤ ይደርሳል።

ይህ የአሠራሩ በደል ነው። የቤት ማስረጃ የሌለው ተከራይ በስሙ ቆጣሪ ማስገባት አይቀለውምና የሚመለከተው ክፍል ያስብበት። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ ከአምስቱ የሰበሰብኩት ብር ከጠቅላላው ቢል በልጦ ተገኘ። የእኔ ፍሪጅ፣ የእኔ ቴሌቪዥን፣ የእኔ የእንጀራ ምጣድ ለዓመታት በእነሱ ገንዘብ ሠርተዋል!

ኢስቲግፋር አበዛሁ። ግን ዓሊሞቻችን እንደሚያስተምሩን የሰው ሐቅ ለባለቤቱ ካልተመለሰ ተውበቱ ሙሉ አይሆንም። ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ አስገጠምኩ፣ ቢሉን በር ላይ እለጥፋለሁ፣ ወደ ላይኛው እርከን የሚያወጣን የእኔ ምጣድ ስለሆነ ጭማሪውን እኔ እችላለሁ። የወሰድኩትንም አስልቼ መለስኩ። እናቲቱ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረችና «የስንት ወር ነው?» አለችኝ። ነገርኳት።

ከእሷ በፊት በዚያች ክፍል የነበሩት ባልና ሚስት ግን ኪራይ ስጨምርባቸው ወጥተዋል። የት እንደገቡ ጎረቤት እየጠየቅኩ ነው።