ሁለት እግር፣ አንድ ፍሬን

ዶርዜ ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆቹን ሽመና አስተምሮ ያሳደገ አንድ ሸማኔ ነበር። ሲሞት የተወላቸው የሽመና ዕቃውን፣ የእንሰት ጓሮውንና በሣጥን የተቋጠረ ጥቂት ብር ነው። ልጆቹ ብሩን ካጠራቀሙት ጋር ደምረው አንድ ያገለገለ አባዱላ ገዙ።

ታላቁ ከሽመናው ጉድጓድ ቀድሞ የወጣ ነው፤ ብዙ ዓመት አይሱዙ ሲነዳ እግሩ ከብዷል። ታናሹ ግን አባቱ ዓይኑን እስኪከድን ድረስ ከጎኑ ሳይለይ መርገጫውን ሲያወርድና ሲያነሳ ኖሯል። አንድ ቀን አንዱ፣ አንድ ቀን ሌላው እየነዳ ከጨንቻ ሰውና ፖም ወደ አርባ ምንጭ ያወርዳሉ፤ ሲመለሱ ሰውና ሙዝ ይዘው ይወጣሉ። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከደጋው ጉም ተነስቶ አባያና ጫሞ እስከሚታዩበት ቆላ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ መንገድ ላይ ስለ ፍሬን የሚቀልድ ሰው የለም።

አንድ ማታ ታናሹ ቁልፉን ሲያስረክብ፣

«ጋሼ፣ ፍሬኑ ይሰምጣል» አለ።

«መቼ?»

«አንዳንዴ። ከብት እስኪያልፍ ቆሜ ስጠብቅ ፔዳሉ እግሬ ሥር ቀስ እያለ ይወርዳል። ደግሜ ስረግጠው ይጠነክራል።»

በማግስቱ ታላቁ ሲነዳ ዋለ። በየመታጠፊያው ረገጠ፤ መኪናው ቀጥ አለ። ማታ «ድንጋይ ነው!» ብሎ ገባ።

ለማንኛውም ብለው ወደ ጋራዥ ወሰዱት። አንድ ወጣት መካኒክ ሦስት ጊዜ በኃይል ረገጠና «ምንም አልሆነም» አለ። ታናሹ አልላቀቅ ሲለው ግን ቆም ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡም መጥፎ አልነበረም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎቱ ፔዳሉን ያለሰልሰዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ወጣቱ ዘይቱን ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ፣ ሸራም አደሰ። ወንድማማቾቹ ከፈሉ። ብዙም ሳይቆይ፣ ገና በጠዋቱ፣ ሜዳ ላይ፣ ፍሬኑ ሳይግል ፔዳሉ ታናሹ እግር ሥር ሰመጠ።

ዘይቱ አልጎደለም። በየጎማው ሥር ቢታይ ጠብታ የለም። ታላቁ ሲረግጠውም አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።

ያኔ ነገሩ ከመኪናው ወርዶ ቤት ገባ። ታላቁ «ቁልቁለቱን ፈርቶ ነው፤ መኪናው ተሽጦ ድርሻውን ሊወስድ ነው» ብሎ አሰበ። ታናሹ «ከነተሳፋሪው ገደል ብገባ ግድ የለውም» ብሎ አሰበ። ሁለቱም ያሰቡትን ለጎረቤት ነገሩ፤ ጎረቤት ደግሞ እንዲህ ያለውን አደራ አይበላም፣ ጨምሮ ነው የሚመልሰው።

አንድ እሑድ ቡጢ ተነሳ። የአባታቸው ወንድም ከደጅ እርጥብ ሣር ነጭተው መጥተው በመካከላቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ማለፍ ነውር ነው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል የወጣው ወጣት እንኳ በአባቶች ሣር ፊት ቆሟል። ቡጢው ወረደ። ጥርጣሬው ግን እንደቆመ ቀረ።

ነገሩ ሽማግሎች ከሚፈርዱበት አደባባይ፣ ከዱቡሻ ደረሰ። ሽማግሎቹ ታላቁን ሰሙ፤ ታናሹንም ሰሙ። የሁለቱም ፊት የሐሰተኛ ፊት አልነበረም፤ ለፈራጅ ከዚህ የባሰ የለም። በመጨረሻ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣

«ሁለት ምስክር ሰማን። ሦስተኛው የታለ?» አሉ።

«ማን?»

«ፔዳሉ ነዋ! እሱን የሚያናግር ሰው ፈልጉ። ስትሄዱም ሁለታችሁም ሂዱ።»

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ወንድማማቾቹ አጎታቸውን ከኋላ ጭነው ሄዱ። ሁለቱም ገና ከመውረዳቸው አንድ ላይ ማስረዳት ጀመሩ።

«መኪናውን ማነው የሚነዳው?» ሲሉ አቋረጧቸው።

«ሁለታችንም።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ትረግጣላችሁ።»

ማን ልክ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ኮፈኑንም አልከፈቱም። ሞተሩን አስነሱና በሾፌሩ በር በኩል መሬት ላይ ተንበርክከው ዓይናቸውን ከፔዳሉ ትክክል አደረጉ። የቀርከሃ ስንጣሪ ከፔዳሉ ጎን አቁመው ታላቁን ጠሩት። ረገጠ። ፔዳሉ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ፤ አዛውንቱ ስንጣሪው ላይ በከሰል ጫሩ። ቆዩ። አልወረደም። ታላቁ ወንድሙን በጎን አየው።

ታናሹ ወጣ። እግሩን አሳረፈ እንጂ ረገጠ አይባልም። ፔዳሉ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ይመስል ቀስ በቀስ ምልክቱን አልፎ ወረደ፣ ወረደ።

«አየህ!» አለ ታናሹ።

«ዝም በል» አሉት አዛውንቱ። ወደ ታላቁ ዞረው፣ «አንተ፣ ሽመና ትችላለህ?»

«የዶርዜ ልጅ አይደለሁ?»

«በል ጫማህን አውልቅ። የአባትህ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠህ፣ ድሩ እንዳይበጠስብህ ሆነህ ርገጠው።»

ታላቁ በባዶ እግሩ ወጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሞከረውን አረጋገጥ እግሩ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ቀስ ብሎ አሳረፈና ጠበቀ። ፔዳሉ በገዛ እግሩ ሥር እየሸሸ እስከ ወለሉ ወረደ። ታላቁ እግሩን ቶሎ አላነሳም።

የፍሬኑ ማስተር ተፈታ። የውስጡ ጎሚኒ ከንፈር ተበልቷል። በኃይል ሲረገጥ ግፊቱ ራሱ ከንፈሩን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል፤ ይይዛል። በቀስታ ሲረገጥ ግን የሚያጣብቀው ኃይል ስለማይበቃ ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ወደ መጣበት ይመለሳል። ወደ ውጭ ስለማይፈስም አይጎድል፣ አያንጠባጥብ። አዛውንቱ የማስተሩን ውስጥ በጣታቸው ዳሰሱ፤ አልተቧጨረም። ጎሚኒው ብቻ ተቀየረ።

ታላቁ አሮጌውን ጎሚኒ በመዳፉ ያገላብጥ ጀመር።

«እኔ ብቻዬን ብነዳው ኖሮ አላውቅም ነበር ማለት ነው?»

«ታውቅ ነበር እንጂ» አሉ አዛውንቱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «አንድ ቀን።»

ወደ ተራራው ከመመለሳቸው በፊት ላይኛው ሰፈር ሴቻ ድረስ ወጥታችሁ ውረዱ፣ ሞክሩት ተባሉ። ቁልቁል ሲመጡ ታላቁ እንደ ሸማኔ ረገጠ፤ መኪናው ቆመ፣ ፔዳሉም እንደቆመ ቆየ። ቦታ ተቀያየሩ። «እንግዲህ አንተ እንደኔ» አለው። ታናሹ አይሱዙ የነዳ ይመስል ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። የአጎትየው ግንባር ከፊት ወንበር ጋር ተላተመ።

«ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።