ብርቅዬ ዘንባባ፦ መመኪያ ወይስ አማና?

ሰው በጓሮው የሚተክለው ሁሉ ለሆድ ብቻ አይደለም። ጎመኑና ቡናው ከተተከለ በኋላ የተረፈችውን ጥግ ለዓይን ማረፊያ የሚያደርጋት ብዙ ነው። ከእነዚህም መካከል ዘንባባን አብልጠው የሚወዱ፣ ያውም በየግቢው የሚታየውን ሳይሆን ዘሩን ከሩቅ አገር አስመጥተው ብርቅዬውን የሚያሳድጉ አሉ። የዘንባባ ዝርያ በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ በመሆኑ ብርቅ ፈላጊ ምርጫ አያጣም። ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ይነሳል። አንድ ሙስሊም «ይህ ተክል ከእኔ ግቢ በቀር የትም የለም» ብሎ ሲደሰት የሚደሰተው በምኑ ነው? በአላህ (ሱ.ወ.) ፍጥረት ውበት ነው ወይስ ጎረቤቱ በማጣቱ?

ውበትን መውደድ በራሱ ነውር የለበትም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ፣ ኪብር ማለት ግን እውነትን መግፋትና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ አስተምረውናል። በሱረቱል ከህፍ የተወሳውን የሁለት አትክልቶች ባለቤትም እናስታውስ። አላህ የወይን አትክልቶቹን በተምር ዛፎች ከቦለት፣ በመካከላቸው አዝመራ አብቅሎለት፣ ወንዝ አፍስሶለት ነበር። ይህ ሰው ለጥፋት የተዳረገው ዛፍ ስላለው አልነበረም። በባልደረባው ላይ በሀብቱ በመመካቱና አትክልቱ መቼም አይጠፋም ብሎ በማሰቡ ነው እንጂ።

ታዲያ አማናን ከመመካት በምን እንለያለን? የዘንባባዎቹ ታሪክ ራሱ መልስ አለው።

አርጉን የሚባል ዘንባባ አለ። በጥንታዊቷ ግብፅ ፍሬውን ከሟቾች ጋር በመቃብር ውስጥ ያኖሩት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት ፍሬውን ያወቁት ከእነዚህ መቃብሮች ሲሆን፣ የቆመውን ዛፍ በኑብያ በረሃ ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በደቡብ ግብፅ በዱንጉል ኦዬሲስ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሱዳን በሕይወት ተገኘ። ልብ እንበል! ከባለቤቱ ጋር የተቀበረው ፍሬ ለዓይን ማሳያ ሆኖ ቀረ እንጂ አንድም ዛፍ አላተረፈልንም። ዝርያውን ለዛሬ ያደረሰው በረሃው አሸዋ ላይ ወድቆ የበቀለው ነው። ደግሞም የአርጉን ወንዴና ሴቴ አበባ የሚያብበው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። አንድ ዛፍ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ካልተጋገዘ ዘር አያገኝም።

ከዚህ የሚያሳዝነው በሞሪሽየስ ደሴት በኪዩርፒፕ ከተማ የዕፅዋት ስፍራ ያለው ዘንባባ ነው። ከዝርያው በዓለም ላይ የታወቀው እርሱ ብቻ ነው። ወንዴና ሴቴ አበባዎቹ በአንድ ዛፍ ላይ ቢወጡም የሚያብቡበት ጊዜ ስለሚለያይ ራሱን ሊያዳቅል አልቻለም። ከብርቅዬዎች ሁሉ ብርቅዬ እርሱ ነው፤ ዘመድ አልባም እርሱ ነው። «ለሰው ቢሰጥ ይበላሻል፣ እኔው ዘንድ ይጠበቅ» ለሚል ሰው ይህ ዛፍ በቂ መልስ ነው። በአንድ ስፍራ ብቻ የተጠበቀ ነገር አንድ በሽታ ወይም አንድ አውሎ ነፋስ ይበቃዋል።

የሰሐቦች ዘመን ያሳየን መንገድ ሌላ ነው። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ከባርነት ለመውጣት 300 የተምር ችግኝ ለመትከልና 40 ወቄት ለመክፈል ከአሳዳሪያቸው ጋር በተስማሙ ጊዜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦችን ወንድማችሁን እርዱ አሏቸው። አንዱ 30፣ ሌላው 20፣ ሌላው 15 እያለ እንደ አቅሙ ችግኝ አመጣ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) በተባረከ እጃቸው ተከሉላቸው። ከየሰው አትክልት የወጣው ችግኝ የአንድ ሰው ነፃነት ሆነ።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው። አማና ጠባቂ የሆነ ሰው የያዘው ነገር ብርቅ መሆኑ የሚቀርበትን ቀን ይመኛል። ተመኪ ግን ያን ቀን ይፈራል። ጎረቤትህ ያንኑ ዘንባባ ተክሎ ስታይ ልብህ ቅር ካለው፣ የወደድከው ተክሉን ሳይሆን ብቸኛ ባለቤትነትህን ነበር። ችግኙ የመጣበት መንገድም ይመርመር። ከዱር ተነቅሎ ወይም ተሰርቆ የመጣን ተክል «ከጥፋት አዳንኩት» ማለት ራስን ማታለል ነው። የጎረቤት እንስራ ባዶ ሆኖ ሳለ ለጌጥ ዛፍ ውኃ ማፍሰስም እንዲሁ።

ወላጆች ሆይ! ዘንባባ ዝግተኛ ተክል ነው፤ አባት ተክሎት ፍሬውን ልጅ ሊለቅመው ይችላል። ስለዚህ ከልጆቻችሁ ጋር ትከሉ። ሲያፈራም የመጀመሪያውን ዘር በእነርሱው እጅ ለጎረቤት ላኩ። ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አብስረዋል። ቂያማ ሲቆም ችግኝ በእጁ ያለ ሰው እንኳ ከቻለ እንዲተክለው ማዘዛቸውም የሚያስተምረን፣ ለራስ ጥቅም ሳይጠብቁ መትከል ዒባዳ መሆኑን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ኒያችንን ያስተካክልልን፤ የሰጠንን ኒዕማ ከሚመኩበት ሳይሆን ከሚያካፍሉት ያድርገን። አሚን!