ውኃውን ማን ቀዳው?

የሕጽበተ እግር አንድምታ

ጌታ ከእራት ተነሥቶ፣ ልብሱን አኑሮ፣ ጨርቅ ታጥቆ፣ ውኃ በመታጠቢያው ጨምሮ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ዮሐንስ በምዕራፍ 13 ጽፎታል። እግር ማጠብ የአገሩ ልማድ ነው፤ መንገዱ አቧራ፣ ጫማው ክፍት ነውና። አብርሃም ለእንግዶቹ ያቀረበው፣ ስምዖን ፈሪሳዊ ያስቀረው ይህንኑ ነው። ዘይቤው ይህ ነው፤ ይበቃል።

አንድም ከእራት መነሣቱ ከልዕልና የመውረዱ፣ ልብሱን ማኖሩ ክብሩን የመሰወሩ፣ ጨርቅ መታጠቁ ሥጋችንን የመዋሐዱ፣ ልብሱን መልሶ መልበሱ የትንሣኤውና የዕርገቱ ምሳሌ ነው። ሰወረ እንጂ ተወ አይባልም።

አንድም ውኃው ጥምቀት ነው። ገላውን የታጠበ እግሩን ብቻ ይታጠባል ማለቱ፣ ጥምቀት አንዲት ናት አትደገምም፣ ከዚያ ወዲህ የሚነካን ትቢያ በንስሐ ይታጠባል ሲል ነው።

አንድም ውኃው ሰው ተሸክሞ ያመጣው ውኃ ነው። ሐተታ፤ ጌታ ጴጥሮስንና ዮሐንስን ፋሲካ እንዲያዘጋጁ ሲልካቸው፣ እንስራ የተሸከመ ሰው ታገኛላችሁና ተከተሉት ብሏቸዋል፤ ሉቃስ በምዕራፍ 22 ይናገረዋል። በበዓል ግርግር በተጨናነቀ ከተማ ይህ ምን ምልክት ይሆናል ቢሉ፣ እንስራ የተሸከመ ወንድ ብርቅ ስለ ነበረ ነው። ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው፤ ርብቃም ሳምራዊቷም ከጉድጓድ አፋፍ የተገኙት ለዚሁ ነው። በእኛም አገር እንስራ አዝሎ ከምንጭ የሚወጣ ጎልማሳ ቢታይ፣ መንደርተኛው “ምነው፣ ሚስቱ ጥላው ሄደች?” ይላል። ጀሪካን ከመጣ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ቀሏል፤ ጀሪካን በአህያ ይጫናል፣ አህያ መንዳት ደግሞ ወንድን አያሳፍርም።

የዚህ ሰው ስም አልተጻፈም። ማርቆስ ነው የሚሉ አሉ፤ እራቱ የተበላበት ቤት የእናቱ የማርያም ቤት ነው ይባላልና። ይሁንም አይሁንም እኔን የያዘኝ ስሙ አይደለም፣ ውኃው ነው። ጌታ በመታጠቢያው የጨመረው ውኃ ከሰማይ አልወረደም፤ ያ ሰው ካመጣው ነው ብል የሚከለክለኝ የለም። እንግዲህ ለዚያች ሌሊት ምሥጢር ከሐዋርያት ቀድሞ ያገለገለው፣ የመንገደኛ ሳቅ ሳይከብደው እንስራውን የተሸከመው ሰው ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እዩ። ውኃው ገብቷል፤ መታጠቢያውም ጨርቁም አለ። 12ቱ ገብተው ተቀመጡ። የሚያጥብ አሽከር የለም። በዚያው እራት ላይ ደግሞ ከመካከላችን ታላቁ ማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ለክርክሩ አፍ ሲተርፍ ለውኃው እጅ ጠፋ። የጌታን እግር ማጠብ አፍረው ነው ወይ ቢሉ፣ አይደለም፤ ለዚያማ ይሽቀዳደሙ ነበር። የጌታን እግር ያጠበ ግን ውኃውን እዚያው ትቶ ሊቀመጥ አይችልም፤ ቀጥሎ ያለው እግር የቀራጩ የማቴዎስ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ አሁን ሲከራከረው የቆየው የወንድሙ ነው። ትዕቢተኛ ለታላቁ ቢሰግድ አይከብደውም፤ ሞቱ ለእኩያው ማጎንበስ ነው።

ማስረጃ የሚሻ አቢግያን ይመልከት። ዳዊት ሊያገባት ሲልክባት፣ ንግሥት ልሆን ነው አላለችም፤ የጌታዬን አገልጋዮች እግር የማጥብ ገረድ ልሁን አለች። የአገልጋዮቹን! የዳዊትን እግር ብትል ማን ያደንቅላት ነበር? ኤልሳዕንም ይመልከት። ኢዮሣፍጥ የእግዚአብሔር ነቢይ የለም ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስ የነበረ ኤልሳዕ አለ አሉት። ዮርዳኖስን የከፈለ አላሉትም።

አባቶችም ይህን ዐውቀው ሥርዓት አደረጉት። ገዳም የገባ ሰው ቆብ ከመጫኑ በፊት በአመክሮ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ይህንም የሚያደርገው ለአበ ምኔቱ ብቻ አይደለም፣ ትናንት ከእሱ ጋር ለመጣው ጭምር ነው እንጂ። ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግሮ ዘምቶ ሲመለስ፣ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መንኩሷል ይላል ታሪካችን። ስለ ዘውዱ መላክ ሁሉም ይተርካል። እኔ ግን ማግስቱን አስባለሁ፤ ንጉሥ የነበረው መነኩሴ ከገበሬ ልጅ እኩል ተራ ገብቶ “ዛሬ የአንተ ነው” ሲባል። ዘውዱን የተወው በአንድ ቀን ነው፤ ተራው ግን እስኪያርፍ ድረስ ይጠብቀዋል።

እግር ማጠብስ እንዴት ነው ቢሉ፣ ገጠር ገብቶ ማየት ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ወደ ቤት ይገባል፤ ውኃው ለብ ይላል፣ ገበቴው ይቀርባል። የቤቱ ልጅ ተንበርክኮ ተረከዙን፣ በጣቶቹ መካከል የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣቱ እያሸ ያወጣል፤ እሾህ የወጋው ካለ ቀስ ይላል። ሲጨርስ እግሩን ስሞ ይነሣል፣ እንግዳውም ይመርቀዋል። ውኃው ጠቁሮ ይደፋል።

የእኛን ጸሎተ ሐሙስ ከዚህ ጋር አስተያዩት። በወይንና በወይራ ቅጠል ይታጠባል፤ ወይኑ የደሙ፣ ወይራው የመከራው ጽናት ምሳሌ ነው። ሥርዓቱ ቅዱስ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ደብር ቆማችሁ እዩ፤ አንዱ ዲያቆን ውኃውን ይዞ፣ ሁለተኛው ሳህኑን ደግፎ፣ ሦስተኛው ፎጣውን በትከሻው አድርጎ፣ ካሜራው ከፊት ቀድሞ፣ ታላቁ አባት ጎንበስ ብለው በቅጠሉ ነካ ያደርጋሉ። የሚታጠበውም እግር ቤቱ ታጥቦ፣ ካልሲ ለውጦ የመጣ እግር ነው። ጌታ ግን ራሱ ተነሣ፣ ራሱ ታጠቀ፣ ራሱ ጨመረ፣ ራሱ አጠበ፣ ራሱ አበሰ፤ ውኃ አቅርብልኝ ብሎ ያዘዘው አልተጻፈም። ሥርዓቱን መንቀፌ አይደለም፤ እሱም ባይኖር ምን ልንሆን ነበር። የምነቅፈው ስማቸው ከነማዕረጋቸው በማይክራፎን ሳይጠራ ሲቀር በሚቀጥለው እሑድ ከደጀ ሰላሙ የሚጠፉትን ነው። እኔንም እናንተንም ይማረን።

አንድም ጴጥሮስ እግሬን አታጥብም ማለቱ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን መታጠብን እንቢ ማለትም የትዕቢት ወገን ነው። ሲታመም ማንም አያስታምመኝ፣ ሲቸገር ማንም አይወቅብኝ የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ኩሩ ነው እያልን እናወድሰዋለን። እንዲህ ያለ ሰው ሲሰጥ እንጂ ሲቀበል መታየት አይወድም። ንዕማንም በዮርዳኖስ ታጠብ ሲባል ወንዙን ንቆ በቍጣ ተመልሶ ነበር፤ ያዳነው የአሽከሮቹን ምክር መስማቱ ነው። ጴጥሮስ በኋላ እጄንም ራሴንም ማለቱ ሌላ ሐተታ አለው፤ ይቆየን።

አንድም የይሁዳንም እግር አጥቧል። አሳልፎ ሊሰጠው የሚሄድበት እግር መሆኑን እያወቀ ነው። ጴጥሮስ ሲከራከር ይሁዳ ተከራከረ የሚል የለም።

አንድም ጨርቁ የግንዘቱ ምሳሌ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው ዝክር ሁሉም ቀምሶ ሲበተን ጋኑንና ድስቱን ሊያጥቡ የሚቀሩ እናቶች አሉ። ወንዶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ አብራችኋቸው ቅሩ፤ ውኃውንም እናንተው ቅዱ።