እጅና አፍ

ስለ ሳሉ ሦስት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ቶሮንቶ ውስጥ በዳንፎርዝ ጎዳና፣ የአገራችን ምግብ ቤቶች በሚበዙበት አካባቢ ወዳለው ክሊኒኬ። ሦስቱንም ጊዜ ሥራውን ስጠይቀው «ሾፌር ነኝ» አለኝ፤ እኔም አምኜ የአስም መድኃኒት እየጻፍኩ ሸኘሁት። በአራተኛው ግን በሩ መዘጋቱን ዞር ብሎ አየና፣ «ዶክተር፣ መዝገብ ላይ ባይጽፉት እወዳለሁ። የምሠራው አሳማ እርባታ ነው» አለኝ።

የተዘጋ በረት አቧራና ከሽንት የሚነሣው አሞኒያ ሳንባን እንደሚጎዳ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ለወራት ሳክም የቆየሁት የሾፌር ሳንባ ነበር።

ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና የተማረ ሰው ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስነዳው እርሻ የያዘው ሥራም ፍግ መጥረግ አይደለም። እናት አሳማዎችን በሰው ሠራሽ ዘዴ ያዳቅላል፤ 114 ቀን ያህል ቆጥሮ ምጣቸውን ይጠብቃል፤ አመጣጡ የተጣመመውን ግልገል እጁን አስገብቶ ያቃናል፤ የእናታቸው ወተት በቂ ብረት ስለሌለው በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የብረት መርፌ ይወጋቸዋል፤ ወንዶቹን ያኮላሻል። የማዋለድን ጥበብ እንዲህ አሳምሮ የሚያስረዳ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም። ሲናገር ግን ዓይኑ ከወለሉ አልተነሣም።

«የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ናት» አለኝ። ይህን ዓይነቱን መደበቅ አውቀዋለሁ። በደርግ ዘመን በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት የዘማች ልጆች አንዱ ነኝ፤ ሕክምናንም የተማርኩት እዚያው ነው። በዚያ አገር ያለ አሳማ ጥብስ በዓል የለም። በላሁ፤ እናቴም ይህን ሳልነግራት ሞተች።

ቀጥሎ ዋናውን ጥያቄ አመጣው፤ «እጄ ረክሷል ይላሉ?»

ሐኪም የንስሐ አባት አይደለም። ሆኖም ላጽናናው ስል ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚከለክለው ሥጋውን መብላትና በድኑን መንካት መሆኑን፣ ሕያውን አሳማ ስለ መንካት ግን ዝም ማለቱን አስታወስኩት። ብልህ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። «እናታቸው ተኝታባቸው የሚሞቱትን ግልገሎች ጠዋት ጠዋት የማወጣቸው እኔ ነኝ» አለኝ።

ይህች የተጠጋናት ከተማ ከአሳማ ብዙ ያተረፈች ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ዊልያም ዴቪስ የተባለ ስደተኛ ነጋዴ የአሳማ ሥጋ እያዘጋጀ ወደ ብሪታንያ በመላክ ስለ ከበረባት «ሆግታውን»፣ የአሳማ ከተማ፣ የሚል ቅጽል ወጥቶላታል። እዚሁ እ.ኤ.አ. በ1922 ለስኳር ሕመምተኛ የተወጋው ኢንሱሊን ከበሬ ቆሽት የተቀመመ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ የአሳማው ቆሽት ተጨመረበት። የሰው ዓይነቱ ኢንሱሊን በ1980ዎቹ እስኪመጣ ድረስ ስንት ጿሚ በዚያ ሕይወቱን አቆየ! ዛሬም ደም እንዳይረጋ የምንሰጠው ሄፓሪን ከአሳማ አንጀት የሚወጣ ነው። ለብዙ ወገኖቼ አዝዣለሁ። ከየት እንደ መጣ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልነገርኳቸውም፤ ልክ ነበርኩ ለማለት ግን አልደፍርም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ያ ሕዝብ ሸማኔውን የሚንቀው ሸማውን ለብሶ ነው። እኛም መድኃኒቱን በደም ሥራችን ተቀብለን፣ በረቱ ውስጥ የሚውለው ወገናችን «ሾፌር ነኝ» እንዲል እናስገድደዋለን።

ከንቀቱ ይልቅ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። «ርኩስ» የሚለው ቃል እንስሳዋን ራሷን ከዓይናችን ጋርዷታል። የደከመ በሬ ሲደበደብ ያየ ገበሬ «ኧረ ተው» ይላል። እርጉዝ አሳማ ግን ዞር ማለት እንኳ በማትችልበት የብረት ጋጥ ውስጥ ትከርማለች፤ ይህ እንዲቀር የካናዳ የአሳማ አያያዝ ደንብ የቆረጠው ጊዜ እ.ኤ.አ. 2024 ነበር፤ ወደ 2029 ተገፋ። ስለማንበላት አያገባንም ብለናል። እሱን ግን ያገባዋል፤ ሌሊቱን አብሯት የሚያድረው እሱ ነው።

ባለፈው ወር ተመልሶ መጣ። ደህና ጭምብል ገዝቶ ሳሉ ጋብ ብሎለታል፤ ሥራውንም መዝገቡ ላይ እንድጽፈው ፈቀደልኝ። ሊወጣ ሲል ቆመና፣ አንድ ሌሊት ግልገል ተሰንቅሮባት የምታቃስተውን አሳማ እየረዳ ሳለ፣ ሳያስበው አፉ «ማርያም፣ ማርያም» ማለቱን ነገረኝ። እናቱ በመንደራቸው ለሚያምጡ ሴቶች የምትለው ነው።

«ለአሳማ ማርያምን ጠራሁ፤ ይህስ ከመብላት አይብስም?» አለኝ።

«ግልገሉስ?» አልኩት።

«ወጣ። ዘጠኝ ተከተሉት።»