የሙዚቃውን ሰዓት አትንኪባት

ልጄ፣ ልጅሽን ከሙዚቃና ከሥዕል ክፍል አውጥተሽ በዚያ ሰዓት ሒሳብ ልታስጠኚያት እንዳሰብሽ ሰማሁ። ትምህርት ቤቷ ትንሽ ናት፤ ከክፍል በኋላ ያለው ጊዜም አጭር ስለሆነ ሁለቱን ማስኬድ አልተቻለም አሉኝ። ሒሳብን ጠልቼ እንዳይመስልሽ፤ ጡረታ እስክወጣ ያስተማርኩት እሱን ነው። ግን ከመወሰንሽ በፊት ስሚኝ።

ሐሳብሽ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሲያትልና አካባቢዋ ቦይንግ፣ ማይክሮሶፍትና አማዞን ያደጉበት ምድር ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ስንቀመጥ ወሬው የማን ልጅ የት ኩባንያ ገባ ነው። እዚህ አገር ኪራይ እየከፈለ፣ የሌሊት ፈረቃ እየገባ ልጅ የሚያሳድግ ሰው፣ ልጁ እንደሱ እንዳይለፋ ቢመኝ አይፈረድበትም። ከዚህ ጀርባ ግን የማንናገረው ሌላ ነገር አለ። አዝማሪውን ሠርጋችን ላይ አጨብጭበን እንሸልመዋለን፣ ልጃችንን ግን አንድርለትም ነበር። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ሁሉ እንዲሁ ስንንቅ ኖረናል። ያ ንቀት ውቅያኖስ ተሻግሮ አብሮን መጥቷል። ዛሬ በግልጽ የሚሰድብ የለም፤ «ጊዜዋን ታባክናለች» ነው የሚባለው።

እስቲ ጥላሁን ገሠሠን አስቢ። ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር አያቱ ከዘፈኑ ይልቅ ትምህርቱ ላይ እንዲያተኩር ይወተውቱት ነበር። ተሰጥኦውን አይተው ያበረታቱት፣ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድም የመከሩት የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ ናቸው። የሀገር ፍቅር ቴአትር ባለሙያዎች ወደዚያ ትምህርት ቤት በመጡ ጊዜ ደግሞ የልጁ ልብ ጭራሽ ሸፈተ። ቤተሰብ ያላየውን ያየው ትምህርት ቤት ነው።

አፈወርቅ ተክሌም ከዚህ አይርቅም። አንኮበር የተወለደው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠና ነበር። የገባበት የሌይተን ፓርክ አዳሪ ትምህርት ቤት መምህራን ግን የእጁን ችሎታ አይተው ወደ ሥዕሉ ገፋፉት። ከዚያ ሎንዶን ሴንትራል ስኩልና ስሌድ የተባሉ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ገባ፤ በኋላም አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም የመስታወት ሥራ ሠራ። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተሸኘው ለምህንድስና ነበር። ሊንዲስፋርን በሚባለው ትምህርት ቤት ሙዚቃ አገኘው፤ ከዚያ ሎንዶን ትሪኒቲ፣ ቀጥሎ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ወለደልን። አገሪቱ ሁለት መሐንዲሶች አጥታለች። እኔ በበኩሌ አልቆጨኝም።

ልጅሽ ሙላቱ ትሆናለች እያልኩሽ አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች አይሆኑም፤ መሆንም የለባቸውም። የምልሽ ሌላ ነው፦ ልጅ ምን እንዳላት የሚታወቀው የሚታይበት ቦታ ስትቀመጥ ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ደግሞ ለዚህ ይመቻል። አንዲት መምህርት ልጅቷን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አምስተኛ ክፍል ልትከታተላት ትችላለች። ዝምተኛ መሆኗን፣ ከበሮ ስትይዝ ግን ትከሻዋ እንደሚፈታ የምታየው እሷ ናት። የሒሳብ መምህር ያንን አያይም፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

ደግሞ የሙዚቃ ነገር የሚወሰነው በልጅነት ነው። እዚህ ከተማ የጋርፊልድና የሩዝቬልት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጃዝ ባንዶች ኒው ዮርክ በሚካሄደው የኤሊንግተን ውድድር ደጋግመው ያሸነፉ ናቸው። ሙዚቀኛው ኩዊንሲ ጆንስ የተማረው ጋርፊልድ ነው። እንዲህ ያለ ባንድ የሚገባው ተፈትኖ ነው። የሚያልፈውም በአብዛኛው ከታችኛው ክፍል ጀምሮ መሣሪያ የያዘ፣ ቤተሰቡ የግል አስተማሪ የቀጠረለት ልጅ ነው። የእኛ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ ሳክስፎን ሲያምራት እኩዮቿ ብዙ ዓመት ቀድመዋት ሄደዋል። ከተማውም ይህንን ልዩነት አይቶ ነው እ.ኤ.አ. በ2013 ከሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ጋር ክሬቲቭ አድቫንቴጅ የተባለውን የጥበብ ትምህርት ፕሮግራም የጀመረው። ሌላው በገንዘቡ የሚገዛውን፣ በትምህርት ቤት የሚሰጥሽን፣ አንቺ በገዛ እጅሽ ልትመልሺ ነው።

አሁን በጣም የምወደውን ነገር ልንገርሽ። በብዙ የአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ የሚጀመረው በእንጨት ዛይሎፎን ነው፤ ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ያስፋፋው ዘዴ ነው። መምህሯ ከመሣሪያው ላይ ፋ እና ሲ የሚባሉትን ሁለት እንጨቶች ታነሳለች። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይቀራሉ። ልጆቹ በመሰላቸው ቢመቱ እንኳ ጆሮ የሚጎረብጥ ድምፅ አይወጣም፤ ለዚህም ነው የሚያነሷቸው። እነዚያ አምስት ድምፆች ምን መሰሉሽ? ትዝታ ሜጀር! እናትሽ ቡና ስታፈላ የምታንጎራጉረው ቅኝት ልጅሽ እጅ ላይ አለ፤ እሷም መምህሯም አላወቁትም። ጉዳዩን መምህሯ ብትሰማ ደስ የሚላት ይመስለኛል። እርግጥ ክራር የሚቃኘው በጆሮ ስለሆነ ከዛይሎፎኑ ጋር ልክ በልክ አይገጥምም፤ አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ደግሞ በእነዚያ አምስት እንጨቶች ብትፈልጊው አታገኚውም። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ቀን ትዝታ ከፍተሽላት በዛይሎፎኑ ትከተል፤ ጉድ ታያለሽ።

ጥቂት የቤት ነገር። ቫዮሊን ከጠየቁሽ ተከራዪ እንጂ አትግዢ፤ ልጅ ባደገች ቁጥር መጠኑ ይለወጣል። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ነይ ተጫወቺላቸው» አትበያት፤ ይህ የእኛ ሰው ክፉ ልማድ ነው፤ ስንቱን ልጅ መሣሪያውን አስጠልቶታል። ሥዕሏን ይዛ ስትመጣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አትበይ። ስለ ሥዕሉ እንድትነግርሽ ጠይቂያትና ቁጭ ብለሽ ስሚ። የሰዉን ዓይን ትልቅ አድርጋ ብትስል አታርሚያት፤ የቤተ ክርስቲያኖቻችን ሠዓሊዎችም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱም ከበሮውን ከሩቅ ብቻ እያየች እንዳትቀር፤ መዘምራኑን ጠይቀሽ አስነኪያት።

ፈርስት ሂል ሰፈር ያለው የፍራይ የሥዕል ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው፤ ዝናብ ሲያስመርራችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ስለ ሠዓሊው ጄከብ ሎረንስ ንገሪያት። ሃርለም ውስጥ ያሳደገችው እናቱ እንዳንቺ ሥራ ላይ ስለምትውል፣ መንገድ ላይ እንዳይውልባት ብላ ከትምህርት በኋላ የሥዕል ክፍል አስገባችው። ሠዓሊው ቻርልስ አልስተን እዚያ ያስተምር ነበር። ያ ልጅ አድጎ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ወደ ሰሜን መሰደዳቸውን በ60 ሰሌዳ ላይ ሳለው፤ ያኔ ገና ሃያዎቹን ጀምሮ ነበር። በኋላ እዚሁ ሲያትል መጥቶ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሞትም የኖረው እዚህ ነው። እናቱ የፈለገችው ልጇን የሚጠብቅላት ቦታ ብቻ ነበር። የስደትን ታሪክ በቀለም መንገር የሚችል ልጅ ከእኛ ቤትስ ለምን አይወጣ?

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ለመምህሯ ንገሪያት፦ ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ትቆያለች። የትዝታውንም ነገር አጫውቻት፤ ክራር የሚጫወት የምታውቂው ሰው ካለ አንድ ቀን ለልጆቹ እንዲያሳያቸው ፈቃድ ጠይቂ። ሒሳቡ አያሳስብሽ። ቅዳሜ ጠዋት ደብተሯን አስይዘሽ እኔ ዘንድ አምጫት፤ እኔ አስጠናታለሁ።