የቅርቡን ያዢ

ልጄ፣ አብሽሪ። «ፕሮግራሚንግ ልማር ነው፤ በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?» ብለሽ ከመርሳ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። አንዱ ፓይተን፣ ሌላው ጃቫ፣ ሌላው ሲ ፕላስ ፕላስ እያለ ግራ እንዳጋባሽም ሰምቻለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሂሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር የደረሰብኝ በስተርጅና ነው። ልጆች የት ላይ ተስፋ እንደሚቆርጡ ግን አይቻለሁ። ገና በጀመሩ ሰሞን መሣሪያው አልከፈት ሲላቸው፣ ወይም ስሕተት ሲያወጣባቸውና የሚያሳዩት ሰው ሲያጡ ነው የሚተዉት።

ስለዚህ «በዓለም ላይ የትኛው ይበልጣል?» የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ኔትወርክ በሌለበት ቀን እጄ ላይ የሚሠራልኝ የትኛው ነው? ሲያቅተኝ ሄጄ የምጠይቀው ሰው የሚያውቀውስ? ብለሽ ጠይቂ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል።

ይህን የምልሽ ያየነውን ስላየን ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት እኛ ወዳለንበት ወልድያ ሲገባ መብራቱም ስልኩም ጠፍቶ ቆየ። በ2015 ማብቂያ ደግሞ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው የተከፈተው። ትምህርቱንም መሣሪያውንም ከኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚጠብቅ ተማሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆንበታል። የቱንም ብትመርጪ አንድ ጊዜ ተጭኖ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ይሁን።

ለአንቺ ዕድሜ እኔ ፓይተንን እመርጣለሁ። ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ ሆላንዳዊ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቋንቋ ነው። መጫኛው ወደ 30 ሜጋ ባይት ገደማ ስለሆነ በፍላሽ ተቀብለሽ ቤትሽ ትጭኚዋለሽ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ሆኖ ዊንዶውስ 7 ያለበት ከሆነ አዲሱ ፓይተን እምቢ ይልሻል፤ 3.8 የሚለውን ፈልጊ። ብዙ ልጅ እዚህች ላይ ነው «ኮምፒውተሬ አይችልም» ብሎ የሚተወው። ኮምፒውተር ከሌለሽም ፓይድሮይድ 3 የሚባል አለ፤ ስልክሽ ላይ አንዴ ከጫንሽው ያለ ዳታ ይሠራል። በስልክ መጻፍ ጣት ያደክማል፤ ቢሆንም ከመቀመጥ ይሻላል።

እንግሊዝኛ ይከብደኛል ያልሽውን በደንብ አስቤበታለሁ። የፓይተን ቁልፍ ቃላት 35 ናቸው፤ ለመጀመሪያው ወር የሚያስፈልጉሽ ደግሞ ዐሥር አይሞሉም። ከቀረው ስም ብዙውን አንቺ ነሽ የምታወጪው፤ ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ስለሚቀበል ተለዋዋጮችሽን «ዓመት»፣ «ድምር»፣ «ቀሪ» እያልሽ በአማርኛ መሰየም ትችያለሽ። ይህን ለልጆች የሚነግር አስተማሪ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያሰበውን በዚያው የሚሰይም ልጅ የሂሳቡ ሐሳብ ቶሎ ይገባዋል።

ሲ ፕላስ ፕላስን አልነቅፍም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎች ለረጅም ዘመን የጀመሩት በእሱ ነው፤ አንቺም ስትደርሺ ታገኚዋለሽ። ጃቫም እንደዚያው ይቆይሽ። የትምህርት ቤትሽ ኮምፒውተር ምንም አትጫኑብኝ የሚል ከሆነ ግን ጃቫስክሪፕት ሁለተኛ ምርጫዬ ነው፤ ብራውዘር ያለበት ማሽን ሁሉ ያስኬደዋል። ለታናሽ ወንድምሽ ደግሞ ስክራች። ኤም አይ ቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ለልጆች ያወጣው ነው፤ ትእዛዞቹን እየጎተቱ መገጣጠም ነው፤ አማርኛም አለው፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራም አለው።

በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጠይቀሽኛል። ነፃ ነው፤ ግቢበት። ግን መጀመሪያ እጅሽን አፍታቺ፤ የምስክር ወረቀት ለማግኘት የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። አንዱን ከያዝሽ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ከእሱ አትንቀሳቀሺ። ጓደኛሽ በየወሩ ሌላ ቢቀይር አንቺ አትቀይሪ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ሲያቅትሽ የምትጠይቂው ሰው ደግሞ አለሽ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኮምፒውተር የተማረ ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም። የተማረው ሲ ፕላስ ፕላስ ቢሆንም አትፍሪ፤ ድግግሞሹም «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርጊ» የሚለውም አሠራሩ አንድ ነው፤ ስሕተትሽን አይቶ ያገኘዋል። ስትሄጂ ግን «አልሠራ አለኝ» ብቻ አትበዪው፤ የጻፍሽውንና ማሽኑ የመለሰልሽን አሳዪው።

የመጀመሪያ ሥራሽን እኔ ልስጥሽ፤ መስከረም 1 ምን ቀን እንደሚውል የሚናገር ፕሮግራም ጻፊ። ስሌቱን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ይዘውታል፤ መልሱን ከግድግዳ ካላንደር ላይ ስለምታመሳክሪው ለማረጋገጥ ኔትወርክ አያሻሽም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪ፤ ይህ ዓመተ ዓለም ነው። እሱን ለ4 አካፍለሽ ቀሪውን ጣዪ፤ ይህ መጥነ ራብዒት ነው። ሁለቱን ደምረሽ ለ7 አካፍዪ። 1 ከተረፈ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያልሽ ትቀጥያለሽ፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ለ2017 ዓመተ ዓለሙ 7517፣ መጥነ ራብዒቱ 1879፣ ድምሩ 9396 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዕንቁጣጣሽም ረቡዕ ውሏል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ ሥሪው፤ በወረቀት ያልሠራሽውን ለማሽን ማዘዝ ያስቸግርሻል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። በፓይተን የማካፈያዋ ምልክት አንድ እዝባር (/) ከሆነች ነጥብ ያለው ቁጥር ትሰጥሻለች፤ ቀሪውን የምትጥለው ሁለት እዝባር (//) ስትሆን ነው። ፕሮግራምሽን በ2020 ብቻ ብትፈትኚው ይህ ስሕተት ይደበቅብሻል፤ 7520 ለ4 እኩል ስለሚካፈል በሁለቱም መንገድ እሑድ ይልሻል። በ2019 ፈትኚው። ዓርብ ካላለሽ የጻፍሽውን ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ወደ ወልድያ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።