ተረትና ልማድ በትምህርት ቤት

ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስነሥቶ በጌልገላ አቆመ። ድንጋዮቹ የቆሙት ለጌጥ አልነበረም፤ በኋላ ዘመን ልጆች አይተው በጠየቁ ጊዜ አባቶች የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲነግሯቸው ነበር እንጂ (ኢያ. 4)። ድንጋዩ ቆሞ ሳለ መላሽ ከጠፋ ግን ልጁ የሚያየው ድንጋይ ብቻ ነው።

የአገራችን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና የበዓላት ልማድ በትምህርት ቤት ይሰጥ የሚል ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ ይነገራል። እኛም እንደግፈዋለን። በዓለ መስቀል በ2006 ዓ.ም.፣ በዓለ ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፈዋል፤ ይህም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሕፃናት በዓመት አንድ ቀን የአገር ልብስ ለብሰው፣ ጥቂት ዘልለውና ፎቶግራፍ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ልማዱን ተማሩ አይባልም።

ቡሄን እንመልከት። በዓሉ ነሐሴ 13 ቀን ስለሚውል ትምህርት ቤት ተዘግቶ ያገኘዋል፤ መምህሩ ሳያነሣው ቢያልፍ ብዙ አይፈረድበትም። ልጆቹ ግን ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ችቦ ያበራሉ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ በከተማማ ዛሬ ሙልሙሉ ገንዘብ፣ ጅራፉም ርችት እየሆነ ነው። የጅራፉ ድምፅ በደብረ ታቦር የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦው በዚያ የተገለጠውን ብርሃነ መለኮት ያስታውሳል። ሙልሙሉም ብርሃኑን አይተው ገና ቀን መስሏቸው በሜዳ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ያደረሱላቸው ኅብስት ምሳሌ መሆኑን አባቶቻችን አስተምረውናል። ይህን ለመናገር ሩብ ሰዓት ይበቃል። መስከረም ሲብት መምህሩ ልጆቹን በክረምቱ ምን እንዳደረጉ ቢጠይቃቸው ነገሩ ከዚያ ይጀምራል። የሌላ እምነት ልጆችም የቤታቸውን ልማድ ይናገሩ፤ መስማት ማንንም አይጎዳም።

እንቆቅልሽን እንደ ሥራ ፈት ጨዋታ የሚንቁ አሉ። ሶምሶን በሠርጉ ማዕድ ያቀረበውን እንቆቅልሽ፣ ነቢዩ ናታንም ንጉሥ ዳዊትን በአንዲት በግ ታሪክ እንዴት እንደ ወቀሰው ያስታውሱ። በቤቱ እንቆቅልሽ የለመደ ልጅ ወደ ቅኔ ቤት ሲመጣ ከሰሙ በታች ወርቁን ለመፈለግ እንደማይቸገር በደቀ መዛሙርት አይተናል።

የሚከብደው ነገር ግን ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አባቶች ወግ እንድንናገር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተጠርተን ነበር። ተማሪዎቹ ከቤታቸው የሰሙትን ተረት በየተራ ሲያወሩ፣ አንዱ ብረት ቀጥቃጭ በሌሊት ጅብ ሆኖ እንደሚወጣ ተናገረ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። አንዲት ልጅ ብቻ አንገትዋን ደፍታ የደብተርዋን ጠርዝ ታጥፍ ነበር። እናትዋ ሸክላ ሠሪ መሆኗን መምህሩ በኋላ ነገረን። እኛም በዚያ ሰዓት ተረት ነው ብለን ፈገግ አልን እንጂ ቃል አልተናገርንም። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

በባለ እጅ ላይ የሚወራው የቡዳ ወሬ የአባቶች ቅርስ ተብሎ ለሕፃናት ሊሰጥ አይገባም። እግዚአብሔር በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ ባስልኤልን በመንፈሱ ሞላው (ዘፀ. 31)፤ ኤርምያስንም ቃሉን ሊያሰማው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ላከው (ኤር. 18)፤ ጌታችንም በአገሩ ሰዎች ዘንድ ጸራቢ ተብሏል (ማር. 6)። የምናሳልመው መስቀል፣ የምናጥንበት ጽና፣ በማኅሌት የምንይዘው ጸናጽል ከማን እጅ ወጣ? እኛ ካህናት ይህን እያወቅን ወሬውን ሳንገሥጽ ኖረናል።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ከአያቶቻቸው ጠይቀው ተረት ጽፈው እንዲያመጡ ሲያዝ፣ በክፍል ከመነበቡ በፊት አስቀድሞ ይመልከተው። ክፉው ወሬ ለታናናሾቹ አይነገር። ከፍ ላሉት ግን ከምን እንደ መጣ ይገለጥላቸው፤ ባለ እጅ በብዙ ስፍራ ርስት የማይሰጠው፣ በጋብቻም የሚገለል ሰው ነበርና። ካህኑም ትምህርት ቤቱ ሲጠራው ጊዜ የለኝም አይበል።

በማግሥቱ ዓመት ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄደን የባስልኤልን ታሪክ ተናገርን። ተማሪዎቹ በጸጥታ አደመጡን። ልጅቱ ግን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ ነበርና አላገኘናትም።